እንግሊዝኛው ይገባኛል፣ አፌ ግን አልፈታ አለ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሪስ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ነው ተወልጄ የተማርኩት፣ ዲግሪዬንም የያዝኩት በእንግሊዝኛ ተምሬ ነው። ኢሜይል አነባለሁ፣ ቀስ ብዬም እመልሳለሁ። ከቻይናና ከቱርክ አቅራቢዎቻችን ጋር በየሳምንቱ የኦንላይን ስብሰባ ሲኖር ግን ድርቅ እላለሁ። የሚሉት ይገባኛል፣ መልሱም ውስጤ አለ፣ ግን አይወጣም። አንዴ ተሳስቼ ስናገር የሥራ ባልደረቦቼ ሙድ ያዙብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማይኬን ዘግቼ ነው የምቀመጠው። ሁለት ጊዜ ኮርስ ወስጃለሁ። ሁለቱም ከቴንስ ጀምረው ቴንስ ላይ አለቁ። አሁን ‹በ3 ወር አቀላጥፈው ይናገሩ› የሚል ማስታወቂያ አይቼ ልመዘገብ እያሰብኩ ነው። ልክፈል ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ጠዋትና ማታ ትራንስፖርት ላይ ብዙ ሰዓት ይሄድብኛል፤ ቤት ስገባ ደግሞ ደክሞኝ ነው።»

መልስ፦

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ፤ ቅር አይበልሽ።

ሥራዬ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። የማስተምረውም ካንቺ ብዙም ሳልርቅ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ስለዚህ የጻፍሽው ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ማታ ማታ ክፍሌ የሚገቡት አብዛኞቹ እንዳንቺው ናቸው። ዲግሪ አላቸው፣ ሥራ አላቸው፣ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። ተናገሩ ሲባሉ መሬት መሬት ያያሉ።

በመጀመሪያ ገንዘብሽን ያዢ። ስለ ኮርሱ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። ለአሁኑ ግን ሦስተኛ የሰዋስው ኮርስ ያንቺን ችግር አይነካውም። የጎደለሽ እውቀት አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ ሲሠሩ የኖሩት ዓይንሽና ጆሮሽ ናቸው፤ አፍሽ ሥራ ላይ አልዋለም። የትራፊክ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘ ሰው መሪ ጨብጦ የማያውቅ ከሆነ ቃሊቲ ማሳለጫ ላይ ምን እንደሚሆን አስቢው። መጽሐፉን እንደገና ማንበብ አያድነውም።

እንዴት እዚህ እንደደረስሽ እናስታውስ። እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ከ1ኛ ክፍል ጀመርሽ። አንቺ በተማርሽበት ጊዜ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ሆነ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያው ግን ዞሮ ዞሮ በአማርኛ ነው። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናስ? ኤ ቢ ሲ ዲ ነበር፤ መልሱን መርጠሽ ክቧን ማጥቆር። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ ያለሽ ፈታኝ የለም። አንቺ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ፤ የተፈተንሽበትን ነገር በደንብ አወቅሽ። ያልተፈተንሽበት ቀረ። ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስልሽ። ካናዳ ውስጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ገና ከሕፃንነታቸው በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩበት ፕሮግራም አለ። ሜሪል ስዌይን የተባለች ተመራማሪ እነዚህን ልጆች ለዓመታት አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ጽሑፍ አወጣች። ልጆቹ በመስማትና በመረዳት ፈረንሳይኛ አፋቸውን ከፈቱበት እኩዮቻቸው ጋር ሊደራረሱ ምንም አልቀራቸውም። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ልዩነቱ ጉልህ ነበር። እሷ ያለችው ባጭሩ ይኸው ነው፦ መስማት ብቻውን አይበቃም፤ ሰው አፉን ከፍቶ፣ ተቸግሮም ቢሆን፣ የሚፈልገውን ነገር እስከ ዳር እንዲናገር መገደድ አለበት። ሲሰሙ ግምት ያሻግራል። ሲናገሩ ግን ቃሉን ራሳችሁ ማምጣት አለባችሁ፤ የጎደለው ያኔ ይታያል።

እንግዲህ አፍሽን ሥራ እናስጀምረው። ከማውቃቸው ልምምዶች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትዪኝ የምመርጠው አራት፣ ሦስት፣ ሁለት የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቋንቋ አስተማሪዎች ይሠሩበታል። ፖል ኔሽን የተባለው ኒውዚላንዳዊ የቋንቋ ትምህርት ምሁርም እ.ኤ.አ. በ1989 ፈትሾታል። አንድ ጉዳይ ትመርጫለሽ። ስለዚያ ጉዳይ 4 ደቂቃ ትናገሪያለሽ። ከዚያ ያንኑ ነገር እንደገና በ3 ደቂቃ። ከዚያም ያንኑ በ2 ደቂቃ። አዲስ ነገር አትጨምሪም፤ ያንኑ ነው የምትደግሚው። ኔሽን ያየው ሰዎቹ በሦስተኛው ዙር ፈጠን ብለው እንደሚናገሩ፣ «እእእ» ማለታቸው እንደሚቀንስና አንዳንድ ስሕተቶችም በዚያው እንደሚስተካከሉ ነው።

ባንቺ ሥራ እንሞክረው። ጉዳዩ ይህ ይሁን፦ «ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰው ኮንቴይነር ለምን አልወጣም?» ኢንቮይሱ ላይ ያለው የካርቶን ብዛትና ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው አልገጠመም እንበል። ጉምሩክ ማስተካከያ ጠየቀ፤ አቅራቢው የተስተካከለ ሰነድ መላክ አለበት። ይህን በአማርኛ ብጠይቅሽ ሳትተነፍሺ ትነግሪኛለሽ። አሁን በእንግሊዝኛ ጀምሪ።

በመጀመሪያው ዙር 4 ደቂቃው አይሞላልሽም። ደቂቃ ተኩል ላይ ያልቅብሻል። አታቁሚ። መቼ እንደሆነ ተናገሪ፣ ማን እንደደወለ ተናገሪ፣ አለቃሽ ምን እንዳለ ተናገሪ። ቃል ሲጠፋሽ ዲክሽነሪ አትክፈቺ፤ ዙሪያውን ዙሪው። «አልገጠመም» የሚለው በእንግሊዝኛ ካልመጣልሽ «ኢንቮይሱ 200 ይላል፣ ፓኪንግ ሊስቱ 180 ይላል፣ አንድ አይደሉም» በዪ። ይህንን በ5ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መናገር ይቻላል። ደግሞም ስብሰባ ላይ የሚያድንሽ ይህ ዓይነቱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ዙሩ ሲያልቅ በጣም የቸገሩሽን ሦስት ቃላት ብቻ ፈልጊ። ሃያ ቃል አይደለም፣ ሦስት። ከዚያ በ3 ደቂቃ ድገሚው። በሦስተኛው ዙር፣ በ2 ደቂቃው፣ ስልክሽ ላይ ቅጂው። የተቀዳውን ስትሰሚ ድምፅሽ ያስጠላሻል። የሁሉም ሰው ድምፅ ለራሱ እንደዚያ ነው፤ እለፊው። ቀኑን በቅጂው ስም ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ከወር በኋላ ስትመለሺበት ለውጡን ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

ሁሉም ዙር ሲደመር 9 ደቂቃ ነው፤ ቃል ከምትፈልጊበት ጋር ሩብ ሰዓት። በሳምንት አራቴ ከሠራሽው ደግ ነው። በዋናው ዘዴ በየዙሩ ሰሚው ይቀየራል። አንቺ ሰሚ ካላገኘሽ ለግድግዳውም ቢሆን ተናገሪ።

«ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ሄጄ ነው ለብቻዬ የምለፈልፈው?» ማለትሽ አይቀርም። እውነት ነው፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳ ውስጥ ይሰማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከአውቶቡስ ወርደሽ እስከ ብሎክሽ በእግር ትሄጃለሽ አይደል? የጆሮ ማዳመጫሽን አድርጊና ስልክ የምታወሪ ምሰዪ። ኮየ ውስጥ ስልክ እያወራ የሚሄድን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ እንዲያውም ካናዳ ዘመድ አላት ብለው ያልፉሻል። ከመሸ ግን ስልኩን በእጅሽ አትያዢው፣ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሌባው ልምምድ ላይ መሆንሽን አያውቅም።

አሁን ወደ ትራንስፖርቱ። ከኮየ ሳሪስ ለመድረስ ሰልፉም መንገዱም ተደምሮ ምን ያህል እንደሚፈጅ አውቀዋለሁ። ያንን ሰዓት ለመናገር ልትጠቀሚበት አትችዪም፤ ለጆሮሽ ግን ወርቅ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ብዙ ነገር በማድመጡ ነው። ሰኞ ፖድካስት፣ ማክሰኞ ፊልም፣ ረቡዕ ዜና። ሁሉም ያልፋል፣ ምንም አይቀርም። አንዲት የ6 ደቂቃ ዝግጅት ይዘሽ ሳምንቱን ሙሉ እሷኑ ብትሰሚ ይሻልሻል። ቢቢሲ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በነፃ ነው፣ ይወርዳል፣ የሚነገረውም በጽሑፍ አብሮ አለ። ሌላው የአሜሪካ ድምፅ ለተማሪዎች ያዘጋጃቸው የነበሩ ዝግጅቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ተብሎ ሲጀመር 1,500 ገደማ ቃላትን ብቻ ይዞ፣ ከተለመደው ፍጥነት ቀስ ብሎ ነበር የሚያነበው። የድሮዎቹን ካገኘሽ ላንቺ ጆሮ በጣም ምቹ ናቸው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ቢሮ ባለው ዋይፋይ ወይም በሌሊት ፓኬጅ ቅዳሜ ላይ አውርጂው። ሰኞ ዝም ብለሽ ስሚው። ማክሰኞ ጽሑፉን እያየሽ ስሚ፤ ያልገባሽ የትኛው ቃል እንደሆነ ያኔ ይገለጥልሻል። ብዙውን ጊዜ የምታውቂው ቃል ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ አነባበቡ ነው ያሳሳተሽ። ከረቡዕ በኋላ ደግሞ ተናጋሪውን ተከትለሽ፣ ከሱ በግማሽ እርምጃ ዘግየት ብለሽ፣ ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ ያለ ድምፅ በዪው። ሸገር ባስ ውስጥ ቆመሽ፣ አንድ እጅሽ ብረቱን ይዞ፣ ይሄ ይቻላል። የምትጸልዪ ይመስላቸዋል። ዓርብ ላይ መቼ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የትኛውን ቃል እንደሚጫነው ሳታስቢው ትይዣለሽ። ተቀምጠሽ ከሆነና እንቅልፍ ከያዘሽ ተኚ። አምስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ተነሥቶ አውቶቡስ ላይ ቋንቋ የሚያጠና ሰው ምንም አይዝም።

የአነጋገር ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። እንደ አሜሪካኖቹ ለመናገር ምላሳቸውን የሚጠቀልሉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባለች እንግሊዛዊት ምሁር፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን ያልፈቱበት ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የትኛው ድምፅ ቢበላሽ መግባባት እንደሚፈርስ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2000 መጽሐፍ አሳትማለች። እኛ የምንጨነቅበት፣ ምላስን በጥርስ መሃል አድርጎ የሚወጣው ድምፅ፣ ያን ያህል አያሳስብም። «ሲንክ» ብትዪም «ዚስ» ብትዪም ሰዉ ይገባዋል። መግባባቱን ከሚያበላሹት ዋነኞቹ የአናባቢ ርዝመትና በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የምንጫነው ቃል ናቸው። አንቺ ጋ ያለው ሁኔታ ደግሞ ልክ ይኸው ነው። ቻይናዊው አቅራቢሽም ቱርካዊውም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። እነሱም ከስብሰባ በፊት ይጨነቃሉ። እዚያ ስክሪን ላይ ሰዋስውሽን የሚያርም ፈታኝ የለም፤ ዕቃው መቼ እንደሚጫንና ክፍያው መቼ እንደሚገባ ማወቅ የሚፈልግ ነጋዴ ነው ያለው።

ለሒሳብ ሠራተኛ ግን አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ቁጥር። 13ና 30፣ 15ና 50፣ 18ና 80። እኛ ስንናገራቸው «ሰርቲን»ና «ሰርቲ» ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ን ብቻ ትሆናለች፤ እሷም በደካማ ኔትወርክ ትጠፋለች። እንግሊዝኛው ላይ ግን «ሰርቲን» መጨረሻው ላይ ይጫናል፣ ይረዝማልም። «ሰርቲ» መጀመሪያው ላይ ይጫናል፣ መጨረሻው አጭር ነው። ይህን ተለማመጂ፤ ስብሰባ ላይ ግን በልምምድሽ ብቻ አትተማመኚ። «ፊፍቲን፣ ዋን ፋይቭ» ብለሽ አኀዙን ለየብቻ ጥሪ። የባንክ ሰዎች እንኳን እንደዚህ ያደርጋሉ። ሰዓትም ላይ ተጠንቀቂ። አፍሽ ለምዶ «ስሪ ኦክሎክ» ካልሽ እነሱ የሚረዱት በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 9 ሰዓትን ነው። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት የእነሱ አቆጣጠር 9 ነው፤ ቻይና ደግሞ 5 ሰዓት ስለምትቀድመን እዚያ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በእነሱ 2 ሰዓት ይሆናል። በጽሑፍ ቻት ላይ ሁሌም ድገሚው።

ስብሰባው ራሱን እንይ። ያንቺ ማይክ የሚዘጋው ከመጀመሪያው ደቂቃ ነው። እዚያ ላይ ነው ሥራው። ሰው በስብሰባ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ካልተናገረ በኋላ መናገር ተራራ ይሆንበታል፤ በእያንዳንዷ ደቂቃ ዝምታው ይከብዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅታ ትግባ። «ጉድ ሞርኒንግ ኤቭሪዋን፣ ካን ዩ ሂር ሚ?» ትበቃለች። ቀላል ነች፣ ስሕተት የላትም፣ ማይክሽንም ታስከፍትሻለች።

ቀጥሎ ጊዜ የሚገዙልሽን አባባሎች በቃልሽ ያዢ። እነዚህን ሳታስቢ የሚወጡ አድርጊያቸው። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ሳይገባሽ ሲቀር። «ሌት ሚ ቼክ ኤንድ ጌት ባክ ቱ ዩ» መልሱን እርግጠኛ ካልሆንሽ። «ጀስት ቱ ኮንፈርም» ብለሽ ደግሞ የተባለውን በራስሽ ቃል መድገም። ይህች የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። ዝም ብሎ የሚሰማውን ሰው ወደ ሥራው ባለቤትነት ታሻግረዋለች። የተባለውን መድገም አዲስ ሐሳብ ከመፍጠር ይቀላል፤ ሰሚውም ጠንቃቃ ናት ይልሻል። አለቃሽም ቢሆን።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚያጠምደንን አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። አቅራቢው «ሃቭንት ዩ ሪሲቭድ ዘ ኢንቮይስ?» ይልሻል፤ አልደረሳችሁም ወይ ማለቱ ነው። አንቺ በአማርኛ ልብሽ «አዎ፣ አልደረሰንም» ብለሽ «የስ» ትያለሽ። እሱ ደርሷቸዋል ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ለሳምንት ትጠባበቃላችሁ። እንግሊዝኛው ላይ ካልደረሰሽ መልሱ «ኖ» ነው፣ ጥያቄው በምንም መልክ ቢመጣ። ይህ እስኪለምድሽ ድረስ «የስ»ም «ኖ»ም አትበዪ፤ ሙሉውን ተናገሪ፦ «ዊ ሃቭ ኖት ሪሲቭድ ኢት ዬት»። እንዲሁም ስትጠሪ «መጣሁ» እንደምንለው «አይ ኬም» አትበዪ፤ «አይም ካሚንግ» ነው። «ኦልዞው» ብለሽ ከጀመርሽ ደግሞ መሃል ላይ «ባት» አትጨምሪ፤ «ምንም እንኳን» ብለን «ግን» የምናስከትለው አማርኛችን ነው የሚጎትተን።

ሰዋስው ላይ ከዚህ በላይ አልልም። ሁለት ኮርስ ጨርሰሻል፤ ያወቅሽው ይበቃሻል።

ስለ ቃላት ግን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። እንግሊዝኛ መቶ ሺዎች ቃላት አሉት ሲባል ሰው ተስፋ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች በብዛት የሚያገለግሉትን ቃላት ለይተው አዲስ ዝርዝር አወጡ፤ 2,800 ገደማ ናቸው። እነዚህ ብቻ በተለመደ ጽሑፍ ውስጥ ከሚገኙት ቃላት 92 በመቶ ገደማውን ይሸፍናሉ። አንቺ ዲግሪ የያዝሽ ሰው ነሽ፣ አብዛኞቹን ታውቂያቸዋለሽ። ስለዚህ ከባድ ቃል ማሳደዱን ተዪው። የምታውቂያቸውን ቃላት ከዓይንሽ ወደ አፍሽ አምጫቸው። አዲስ ቃል ስትይዢም ለብቻው ከነትርጉሙ አትጻፊው፤ አንቺ ልትናገሪው በምትችዪው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቢው። «ዲሌይ፣ መዘግየት» ብሎ መጻፍ ለፈተና ነው። «ዘ ሺፕመንት ኢዝ ዲሌይድ ባይ ዋን ዊክ» ብሎ መጻፍ ለረቡዕ ስብሰባ ነው። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ የጻፍሽውን ካርድ ልትረሺው ስትይ እየመለሰ ያሳይሻል፤ አንድሮይድ ላይ በነፃ ይገኛል። በወረቀት ካርድ ብትሠሪውም ያው ነው።

ሌሎቹ መተግበሪያዎች? ዱኦሊንጎና መሰሎቹ ለጀማሪ ጥሩ ናቸው። ላንቺ ደረጃ ግን አብዛኛው ሥራቸው እንደገና ክብ ማጥቆር ነው፤ መልስ መርጠሽ ትጫኛለሽ፣ አፍሽ እንደተዘጋ ነው። ቻትጂፒቲን በድምፅ ማናገር ይሻላል። «አንተ የቱርክ አቅራቢ ሁን፣ ስለዘገየ ጭነት ትጠይቀኛለህ፣ ስጨርስ ሦስት ስሕተቴን ብቻ ንገረኝ» በዪው። አይሰለችም፣ አይስቅም። ዳታ ይበላል እንጂ።

መሳቁን ካነሣን፣ ባልደረቦችሽ ሙድ መያዛቸው እኔንም ያናድደኛል። የእኛ ሰው ፈረንጅ በሰባራ አማርኛ «አመሰግናለሁ» ሲል አጨብጭቦለት፣ የገዛ ወንድሙ በእንግሊዝኛ ሲሰናከል ይንከተከታል። ምክንያቱ እንግሊዝኛን እንደ ቋንቋ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ስለምናየው ነው። ተማረ ለማለት እንግሊዝኛው ይመዘናል። ይህን አንቺ ብቻሽን አትቀይሪውም። ማድረግ የምትችዪው አንድ ነገር አለ፤ ከሚስቁት መካከል የማይስቅ አንድ ሰው ፈልጊ። ቢሮ ውስጥ እንዳንቺው ማይኩን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው መኖሩ አይቀርም። ምሳ ሰዓት ላይ ሩብ ሰዓት አብራችሁ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ሥሩ። ሁለት ሰው ሲሆን ሰሚ ተገኘ ማለት ነው። ሁለታችሁም ስለምትሳሳቱ ማን በማን ይስቃል? «ግን ስሕተቱን እየደጋገምን ለምደነው አንቀርም ወይ?» የሚለኝ ተማሪ ሁሌም አለ። ዝም ብሎ የሚኖር ሰው ስሕተቱ ይታረማል የሚል አስተማሪ እስካሁን አላየሁም። ተናገሪ፣ ቅጂ፣ በሳምንት አንዱን ቅጂ ለሚያርምሽ ሰው አሰሚ።

አሁን ወደ ኮርሱ። «በ3 ወር» የሚለውን ማስታወቂያ በሒሳብ እንየው፤ ሒሳብ ሥራሽ ነው። የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጆች ከአንድ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለመሻገር በግምት 200 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል ይላሉ። ደረጃዎቹ ከዝቅተኛው ኤዋን (A1) እስከ ከፍተኛው ሲቱ (C2) ስድስት ናቸው። አንቺ እንደጻፍሽልኝ ከሆነ በንባብ አራተኛው ደረጃ ቢቱ (B2) ትደርሻለሽ፣ በንግግር ሁለተኛው ኤቱ (A2) ላይ ነሽ። በሳምንት 6 ቀን በቀን አንድ ሰዓት ብትሠሪ በወር 26 ሰዓት ገደማ ነው፤ 200 ሰዓቱን ለመሙላት 8 ወር ሊጠጋ ይፈልጋል። በ3 ወር አቀላጥፎ መናገር ከዜሮ ለጀመረ ሰው ወሬ ነው። አንቺ ግን ከዜሮ አይደለም የምትጀምሪው፤ ውስጥሽ ተቀምጦ የዛገ ብዙ ነገር አለ። እንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ማይካቸውን ለመክፈት ያን ያህል ጊዜ ሲወስድባቸው አላይም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ወር ያለ ክፍያ በዚህ መንገድ ሥሪ። ከዚያ በኋላ ኮርስ ካስፈለገሽ ትምህርት ቤቱን እንዲህ ፈትኚው። አንድ ክፍለ ጊዜ በነፃ ገብተሽ ለማየት ጠይቂ፤ ካልፈቀዱ ተዪው። ከገባሽ ኋላ ተቀምጠሽ ሰዓት ያዢ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ተማሪ አፉን የከፈተው ስንት ደቂቃ ነው? ክፍሉ ውስጥ 30 ሰው ካለና የሚናገረው አስተማሪው ብቻ ከሆነ፣ እንግሊዝኛው የሚሻሻለው የአስተማሪው ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲነጋገሩ ክፍሉ የሚንጫጫ ከሆነ፣ አስተማሪውም በመሃል እየዞረ ስሕተት የሚጽፍ ከሆነ፣ ጥሩ ነው። ሌላም ጠይቂ፦ የመግቢያ ፈተናው ያናግራል ወይስ ወረቀት ብቻ ነው? ወረቀት ብቻ ከሆነ አንቺን ከፍተኛ ክፍል ያስገቡሽና እዚያም ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ። ክፍያውንም የ3 ወሩን በአንዴ አትክፈዪ፤ በወር በወር የሚቀበሉ አሉ። ቤትሽ ኮየ ሆኖ ትምህርቱ መገናኛ ከሆነ ደግሞ ማታ በምን ትመለሻለሽ? ቱሉ ዲምቱ ወይም ቃሊቲ አካባቢ ፈልጊ፤ የቅዳሜ ፈረቃ ያላቸው አይጠፉም።